የፒሮት ሸለቆ በበከኒሳ ቀሴ

ሩቅ ማለት ምን ያህል ነው? ይህን ጥያቄ ለጂኦግራፊ መምህር ብታቀርቡለት ኪሎ ሜትር ይነግራችኋል። ሹፌር ብትጠይቁ በሰዓት ይመልስላችኋል። እኛ ወለጋ ያለን ሰዎች ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሌላ መለኪያ አበጅተናል፤ ጠዋት ተነስተን «ዛሬ ያለፈ መኪና አለ?» እንላለን። ያለፈ ካለ አዲስ አበባ ቅርብ ናት። ከሌለ ደግሞ ጎረቤት ከተማችን ሲሬ እንኳ ከጨረቃ ትርቃለች። መለኪያው በየቀኑ ስለሚለዋወጥ ካርታ ለሚሠሩ ሰዎች አይመችም። ለእናቶችም አይመችም።

እንዲህ ባለ አገር መንገደኛ የሚነሳበትን ቀን አይናገርም። ድሮ እኛም እንደ እናንተ ነበርን፤ አንድ ሰው ሊሄድ ሲል ቤተ ዘመዱ መናኸሪያ ድረስ ተከትሎት፣ በአውቶቡሱ መስኮት በኩል የተቀቀለ በቆሎ እያቀበለ፣ የነገረውን ምክር እንደገና እየነገረ፣ ሹፌሩ ጡሩምባ እስኪነፋበት ድረስ ይሸኝ ነበር። አሁን ሰው ከመካከላችን የሚጠፋው ሳሙና ልግዛ ብሎ እንደወጣ ነው። አሮጌ ልብሱን ይለብሳል። ደህናውን ስልክ ቤት ትቶ ባለ ቁልፉን ይይዛል። ሻንጣ አይዝም፤ ሻንጣው ከዚያ በፊት በሌላ ሰው እጅ፣ የሌላ ሰው ዕቃ መስሎ ሄዷል። እናንተ ከሰነበታችሁ በኋላ «እገሌስ የታለ?» ትላላችሁ፤ «ደርሷል» ይሏችኋል። መሄዱን የምትሰሙት ከደረሰ በኋላ ነው። ካልደረሰም ታውቃላችሁ፤ የሚነግራችሁ ሰው ግን የለም፤ ከቤቱ ደጃፍ ከተደረደረው አግዳሚ ወንበር ነው የምታውቁት።

ማን ነው የሚያስቆመው እንዳትሉኝ። እኛ ራሳችን እንዲህ ብለን አንጠያየቅም። «ያዙት» እንላለን፤ ባለቤት በሌለው ግሥ ተናግረን እንተወዋለን።

እንግዲህ ስለ ራሴ ጥቂት ላስረዳ፤ ማስረዳት እወዳለሁ። በነቀምቴ፣ በበከኒሳ ቀሴ ክፍለ ከተማ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወዲህ እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ትምህርት ግን ከእኔ አልወጣም። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ያገኘሁትን ገጽ ሁሉ ስልኬ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ሲጠፋ ቁጭ ብዬ አነባለሁ። ኔትወርካችን እንዲህ የሚጠፋ ባይሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተማርኩ ነበር። ያነበብኩትን ደግሞ ይዤ ማደር አልችልም። ደንበኛ መታወቂያውን ኮፒ ሊያስደርግ ይመጣል፤ ማሽኑ እስኪሞቅ ድረስ ስለ እሳተ ገሞራ ሰምቶ ይሄዳል። አንዳንዱ ማሽኑ ሳይሞቅ ይሄዳል።

በሰፈራችን ለሊሴ የምትባል ልጅ አለች። እናቷ አዴ ብርቂ ገበያ ውስጥ በርበሬና ኑግ እየሸጡ ብቻቸውን ነው ያሳደጓት። «አዴ» እኛ ጋ እንደ «እትዬ» ያለ የአክብሮት መጥሪያ ነው። ለሊሴ ሰርቢያ የሚባል የአውሮፓ አገር የትምህርት ዕድል አገኘች። የምትማርባት ከተማ ፒሮት ትባላለች። ወረቀቱ ሁሉ አልቋል፤ የቀረው አዲስ አበባ ገብቶ ኤምባሲው በቀጠረው ቀን መቅረብ ነው። ያ ቀን ካለፋት ዕድሉ ለሌላ ይሰጣል። ሰፈሩ በሙሉ ይህን ያውቃል። ቀኑን ግን ማንም አያውቅም፤ እኔ ደግሞ ቀኑ ይቅርና መሄዷ መቆረጡንም አላወቅሁም። ይወራ የነበረው እናትየው መንገዱን ፈርተው እንደከለከሏት፣ የሰፈሩ ሽማግሌ ኦቦ ፉፋም «ይቅር» እንዳሉ ነው።

አንድ ቀን አዴ ብርቂ ሱቃችን መጡ።

«ቶሌራ ልጄ» አሉኝ፣ «ያቺ ከተማ ሸለቆ ውስጥ ናት ይላሉ፤ እውነት ነው?»

የሚያስረዳ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብለት እንዴት እንደሚሆን ልነግራችሁ አልችልም። «አዎ፣ የኒሻቫ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ናት፤ ከኛ ከተማም በጣም ዝቅ ትላለች» አልኳቸው። አዴ ብርቂ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ገምቻለሁ። አጎበር ገዝቼላታለሁ» አሉ።

ለኛ ሸለቆ ማለት አንድ ነው፤ እሱም ዴዴሳ ነው። ዴዴሳ ወርዶ የማያውቅ የወለጋ ሰው እንኳ ዴዴሳን ያውቀዋል፤ አጎቱ ለአጨዳ ወርዶ ወባ ይዞ ተመልሷል፣ ወይም በሬው በቆላ ዝንብ አልቋል። ስለዚህ አዴ ብርቂ ልጃቸው ወደ ሸለቆ እንደምትወርድ ሲሰሙ እንደ አስተዋይ እናት አሰቡ። ወፍራሙን ሹራቧን ለጎረቤት ልጅ ሰጡ፤ ነጠላ ጫማና አጎበር ገዙ።

«አዴ፣ እዚያ ዝቅ ያለ ሁሉ አይሞቅም» አልኩ። ከምድር ወገብ መራቅ ምን እንደሚያመጣ በፎቶ ኮፒ ወረቀት ጀርባ ላይ ሥዬ አሳየኋቸው። እኛ ገናን በምናከብርበት ወቅት የፒሮት ውሃ ቧንቧ ውስጥ እንዳለ ሊረጋ እንደሚችል፣ በረዶው መሬቱን ሸፍኖ እንደሚከርም፣ በጋቸው ደግሞ እንደሚያቃጥል ነገርኳቸው። አዴ ብርቂ ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አዩት።

«ቆላ ሆኖ የሚበርድ» አሉ በመጨረሻ። «እንዲህ ያለ ቦታ ነው ልጄን የሚወስዷት።»

ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እሁድ ከቸርች መልስ ግቢያቸው መጥቼ ለጎረቤቱ ሁሉ እንዳስረዳ ጠየቁኝ። ኦቦ ፉፋም ይመጣሉ አሉ። «ሰው ምንድን ነው ቢልህ፣ የኔ ትምህርት ነው በል። የለሊሴን ስም አታንሳ።» እኔም ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። ሽማግሌው እንዲፈቅዱ ከተማዋን ማስወደድ ነበረብኝ። የልጅቷ ዕድል በኔ አንደበት ላይ ተንጠለጠለ። እስከ እሁድ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ አንድ ቃል ባበዛ አስፈራራቸዋለሁ፣ አንድ ቃል ባሳንስ አያምኑኝም። በአሮጌ የግድግዳ ካላንደር ጀርባ ላይ ካርታ ሣልኩ። ወንዙን በሰማያዊ፣ ተራራውን በቡናማ ቀለም ቀባሁት።

እሁድ ግቢው ሞልቶ ጠበቀኝ። ይህን ያህል ሰው ስለ ሰርቢያ የአየር ጠባይ ሊሰማ መምጣቱ አላስገረመኝም፤ እውቀት ዋጋዋን ያገኘችበት ቀን መሰለኝ። ኦቦ ፉፋ በመቋሚያቸው ተደግፈው ከፊት ተቀምጠዋል። ከአጠገባቸው እትዬ ዘርፌ ነበረች፤ ከኪራሙ ወረዳ ተፈናቅላ መጥታ አዴ ብርቂ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራየች ሴት ናት። የወሎ አማርኛዋን እንደያዘች ስላለች፣ ለእሷ ስል ኦሮምኛውን በአማርኛ እየቀላቀልኩ ልናገር ተነሳሁ። አዴ ብርቂ «ለሊሴ፣ ነይ ካርታውን ያዥለት» አሏት። ልጅቷ ካርታውን በሁለት እጇ ወጥራ አጠገቤ ቆመች። ከካርታው በላይ የሚታየው ግንባሯ ብቻ ነበር።

ጀመርኩ። ከከተማዋ በላይ ያለው ተራራ ስታራ ፕላኒና እንደሚባል፣ ትርጉሙም አሮጌው ተራራ እንደሆነ ተናገርኩ።

«አዲስ ተራራ አለ እንዴ?» አሉ ኦቦ ፉፋ። ሰው ሳቀ፤ እኔም ደስ አለኝ፤ የሳቀ ሰው አይከለክልም።

ስለ ምንጣፋቸው ነገርኳቸው። የፒሮት ሴቶች ከበግ ጠጉር የሚሠሩት ምንጣፍ ግራና ቀኝ የለውም፤ ጥለቱ በዚህም በዚያም ያው ነው፣ ብትገለብጡት አይለወጥም።

«እንግዲያማ ሲያድፍባቸው ገልብጠው ያነጥፉታላ» አለች እትዬ ዘርፌ። «አይ መታደል፤ ሰነፍ ሴት እዚያ ነበር ማግባት።»

ስለ በግ አይባቸው፣ ጠርሙስ እያሽከረከሩ ስለሚዳምጡት ጠፍጣፋ ቋሊማ ነገርኳቸው። «በጠርሙስ የሚዳመጥ ሥጋ» እያሉ እርስ በርስ ተጎሻሸሙ። ሁሉም ነገር መልካም ነበር። ስህተቴ ወደ ቅርስ መሻገሬ ነው። በከተማዋ ውስጥ የድሮ ምሽግ እንዳለ ተናገርኩ፤ ፒሮት ከኢስታንቡል ወደ አውሮፓ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ ስለተቀመጠች በየዘመኑ ነጋዴውም ወታደሩም በእሷ በኩል እንዳለፈ፣ ያለፈው ሁሉ ደግሞ እንደያዛት አስረዳሁ።

ሳቁ ቆመ።

«አሁንስ መንገዱ?» አሉ ኦቦ ፉፋ።

«አስፋልት ነው፣ አባ።»

«አስፋልቱን አልጠየቅሁህም።»

ስልኬ ላይ ያስቀመጥኩት ገጽ ስለ ዝናቡ መጠን፣ ስለ ነፋሱ አቅጣጫ፣ ስለ በረዶው ውፍረት፣ ስለ ምሽጉ ግንብ ይናገራል። ሰው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ መንገድ መውጣት ይችል እንደሆነ አንድም ቃል አይልም። የጻፈው ሰው ይህ ጥያቄ መሆኑን አያውቅም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የማላውቀውን ነገር አላውቅም አልኩ።

እትዬ ዘርፌ ቀጠለች። «ሲመሽ በራቸው ቢንኳኳ፣ ማን ነው ይላሉ ወይስ ዝም ይላሉ?»

«ደወል አላቸው።»

«ደወሉን ሲሰሙስ ይከፍታሉ?»

ልመልስ አፌን ስከፍት ከውጭ አንድ ባጃጅ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ሞተሩ አልጠፋም። ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ተነጋግሮ የተስማማ ይመስል ዝም አለ። የኦቦ ፉፋ መቋሚያ እንኳ መሬት መቆርቆሩን ተወ። ይህን ዝምታ ታውቁት እንደሆን አላውቅም፤ ጆሮ ብቻ የሚሆኑበት ዝምታ ነው። የሚወርደው ሰው እግር ይቆጠራል፤ ስንት ነው? ጫማው የምን ነው? የእትዬ ዘርፌ እጅ አጠገቧ ያለውን የሰው ቀሚስ ጨብጦ ይዟል። ከዚያ «መልሴንስ?» የሚል የሴት ድምፅ ተሰማ። ከቸርች ዘግይታ የመጣች ጎረቤት ከባጃጁ ልጅ ጋር እየተጨቃጨቀች ነበር። ሰው ተነፈሰ፤ አንዱ ሳል አለ፤ ሌላው ሳቀ።

ካርታው ግን አሁንም ይንቀጠቀጥ ነበር። ነፋስ ነው ብዬ ወደ ባሕር ዛፎቹ አየሁ። ቅጠል አልተነቃነቀም።

ተሸነፍኩ ብዬ አሰብኩ። አስፈራራኋቸው፤ ኦቦ ፉፋ አሁን ተነስተው «ይቅር» ይላሉ፤ ልጅቷም በኔ ምላስ ከገበያው በርበሬ አጠገብ ቀረች። ኦቦ ፉፋ በእርግጥም ተነሱ። እርጥብ ሣር ከእትዬ ዘርፌ ተቀብለው ወደ እኔ መጡ።

«አስተማሪያችን ደክሟል፤ እንመርቀው» አሉ። «አንቺ ልጅ፣ ካርታውን እንደያዝሽ እዚያው ቁሚ።»

ምርቃት እኛ ጋ በጓዳ አይሰጥም። ሽማግሌው ቆሞ፣ ሣር ይዞ፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት ይመርቃል፤ ጎረቤቱም «ሃ ተኡ»፣ ይሁን፣ ይላል። የሚቀበለው አፍ ከሌለ ምርቃቱ አልተሰጠም። አንገቴን ደፋሁ። ሣሩን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ፤ ሌላው ጫፉ ካርታው ላይ ወደቀ።

«ፈጣሪ ከፊትህ ይቅደም።»

«ሃ ተኡ።»

«የምታየው ይውደድህ፤ የማይወድህ አይይህ።»

«ሃ ተኡ።»

«ሲሬን በሰላም እለፍ።»

«ሃ ተኡ።»

«ባኮን በሰላም እለፍ። ጌዶን በሰላም እለፍ። አምቦን በሰላም እለፍ።»

እኔ ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ቤቴ ነው የምሄደው። አዲስ አበባ መንገድ ላይ፣ ባኮ ምን ሥራ አለኝ?

አንባቢዬ፣ ብዙ ነገር አንብቤ ያልገባኝ ነገር ያን ጊዜ በአንድ ጊዜ ገባኝ። መሄዷ የተቆረጠው ድሮ ነው፤ «ከለከሏት» የሚለው ወሬ መሸፈኛ ነበር። ያለ ምርቃት እንዳትሄድ እናት ፈሩ፤ ለመመረቅ ሰው መሰብሰብ አለበት፤ ሰው ከተሰበሰበ የምትሄድበት ቀን ታወቀ ማለት ነው። ስለዚህ ሌላ መሰብሰቢያ ፈለጉ፤ ተገኘም። ይህ ሁሉ ሕዝብ ለሰርቢያ የአየር ጠባይ አልነበረም የመጣው። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አልተነገረውም። «ሃ ተኡ» የሚለው ድምፅ በየከተማው ስም እየወፈረ ሄደ፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያል፤ ከካርታው ኋላ ያለችውን ልጅ የሚያይ አንድም የለም። አዴ ብርቂን አየኋቸው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ አይወጣውም። እኔም አንገቴን ይበልጥ ደፍቼ የሰው ምርቃት ተቀበልኩ።

ሰኞ ማለዳ ሱቁን ስከፍት አዴ ብርቂ ደጃፉ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሱቃችን ከሰፈሩ ሁሉ ይልቅ ኔትወርክ የሚይዝበት ቦታ ነው። «መታወቂያዬን ኮፒ አድርግልኝ» አሉና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ስልካቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ኮፒውን ሰጠኋቸው፤ አልተነሱም፤ መታወቂያውን መልሰው ሰጡኝ። «ጨምርልኝ» አሉ።

የኛ መንገደኛ በየከተማው ሲደርስ አንድ ጊዜ ደውሎ ይዘጋል። ቃል የለም፤ ስልኩ ጠርቶ ዝም ሲል «እዚህ አልፌአለሁ» ማለት ነው። ፀሐይ ወጣ ስትል ስልኩ አንድ ጊዜ ጠራ። አዴ ብርቂ «ሲሬ» አሉ፤ ለኔ አይደለም፤ ለራሳቸው ነው። ቆይቶ ሌላ ጠራ። «ባኮ» አሉ።

ከዚያ ዝም አለ።

ደንበኛ መጣ፣ ሄደ። ጥላው ከበሩ ወደ ውስጥ አፈገፈገ። የኔትወርኩን ምልክት አየሁ፤ አለ። እሳቸውም አዩት። ኔትወርክ አለመኖሩን ተመኝቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ተመኘሁ፤ ቢጠፋ ጥፋቱ የኔትወርኩ ይሆን ነበር። አንድ ልጅ በሩ ላይ ቆሞ «ከባኮ ወዲያ መኪና ቆሟል አሉ» ብሎ ለሌላው ሲያወራ ሰማን። አዴ ብርቂ ቀና አላሉም። መሐረባቸውን በጣታቸው እየጠቀለሉ፣ እየፈቱ፣

«አስረዳኝ እንጂ» አሉኝ። «ስለ በረዶው ንገረኝ። ዝም አትበል።»

አስረዳሁ። በረዶ ከደመና ሲነሳ ምን እንደሚመስል፣ እንደ ዝናብ ጣራ ሳይመታ፣ ድምፅ ሳያሰማ እንደሚወርድ፣ የፒሮት ልጆች ጠዋት ሲነሱ መንገዱ ጠፍቶ እንደሚጠብቃቸው፣ መንገዱ ግን ከሥሩ እንዳለ፣ ሰዎች በአካፋ ጠርገው እንደሚያወጡት ነገርኳቸው። ያነበብኩት ሲያልቅብኝ ያላነበብኩትን ጨመርኩ። ስለ ማላውቃቸው ጎረቤቶቿ፣ ስለ ምድጃቸው፣ ስትገባ ስለሚያቀርቡላት ትኩስ ሾርባ ነገርኳቸው። ቆም ስል «እሺ፣ ከዚያስ?» ይሉኛል። ዓይናቸው ከስልኩ አልተነሳም። እንዲህ ያለ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም፤ አንድም ቃል አልሰሙኝም፤ አንድም ቃል እንዲያመልጠኝ አልፈቀዱልኝም።

ስልኩ ጠራ። ዝም አለ።

«ጌዶ» አሉ አዴ ብርቂ።

ከዚያ በኋላ አምቦ ፈጥና መጣች። ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው፣ የአዲስ አበባው፣ ሲጠራ አልተዘጋም። አነሱት፤ ጥቂት ሰሙና ዘጉት። ከተቀመጡበት ሲነሱ ክንዳቸውን ያዝኩ። የመታወቂያቸውን ኮፒ አንድ ክምር ሰብስበው በመሐረባቸው ቋጠሩ።

«እንግዲህ ሰርቢያ ቅርብ ነው» አሉኝ። «የቀረው ሰማይ ብቻ ነው።»

ለሊሴ አሁን ፒሮት ናት። አጎበሩን እናቷ ለእትዬ ዘርፌ ሰጥተዋታል፤ ዴዴሳ የሚወርድ የወንድም ልጅ አላት። እኔ በሰፈሩ የተከበርኩ አስተማሪ ሆኛለሁ። ባለፈው አንድ አባወራ ሱቅ መጥቶ መታወቂያውን ኮፒ ካስደረገ በኋላ እግሩን እየጎተተ ቆየና «ቶሌራ፣ እሁድ እኛ ግቢ መጥተህ ስለ ጅማ ብታስረዳን» አለኝ። ትልቅ ልጅ አለችው። ስሟን እሱ አላነሳም፤ መቼ ነው ብዬም አልጠየቅሁትም። ካላንደር ፈልጌ ካርታ መሣል ጀምሬአለሁ፤ ስለ ጅማ የአየር ጠባይ፣ ስለ ሸለቆዋና ስለ ድሮው ቤተ መንግሥቷ ያገኘሁትን ሁሉ አስቀምጫለሁ። ሊሰሙኝ ከሚመጡት ግማሾቹ ጅማ ኖረው ያውቃሉ። ብሳሳት የሚያርመኝ ግን የለም።